ጥግ ላይ የቆሙት ሴትዮ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7

ደክሞኛል። ሁለት መቶ አሥራ አራት ፎቶ። ሳፋ በአንድ ቅዳሜ አራት ቤተሰብ አንስታ ሁሉንም እኔ ላይ ጫነችው። ልጄ ጀርመን ገጠር ገብታ የአሜሪካ ወታደሮች ቤተሰብ ፎቶ አንሺ ትሆናለች ብዬ አስቤ አላውቅም... እኔ ደግሞ ለንደን፣ ፊንስበሪ ፓርክ ቁጭ ብዬ የእሷን ፎቶ አስተካካይ። በኬሚስትሪ ዲግሪ!

ግማሹ ዘመም ብሏል። ደወልኩላት።

«የዚህ ቤት ጣሪያ ዘሟል።»

«አባ፣ ቤቱ ራሱ ነው የዘመመው። ሦስት መቶ ዓመቱ ነው።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

የሪሐብን ቤተሰብ ጨረስኩ። የአገራችን ልጅ ናት። ባሏ ጁነይድ የአሜሪካ ጦር ውስጥ መካኒክ ነው፤ ሦስት ልጆች አሏቸው። በወሩ መጨረሻ ከመንደሩ ለቀው ቴክሳስ ይገባሉ። የመሰናበቻ ፎቶ መሆኑ ነው።

እንደተለመደው የቤቱን ቁጥር፣ የመኪናውን ታርጋ፣ ዩኒፎርሙ ላይ ያለውን ስም አጠፋሁ። የወታደር ቤት እንዲለይ አይፈለግም። ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ሽርጥ አገልድመው፣ የልጆቹን ጃኬት ታቅፈው ቆመዋል። ሳፋ እንዴት ሳታያቸው ቀረች? አጠፋኋቸው። የቆሙበትን ግድግዳ ጡብ በጡብ ሞላሁት። ማንም አይለየውም። ንጹሕ ሥራ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 17

ከጁምዓ ስመለስ ሳፋ ደወለች። ድምፅዋ ልክ አይደለም።

«አባ፣ ፍራው ኢልዜን የት አደረስካቸው?»

«ማንን?»

«ጃኬት የያዙትን!»

የሪሐብ ጎረቤት፣ ጀርመናዊት ወይዘሮ ናቸው። ጁነይድ ግዳጅ ላይ በነበረበት ዘጠኝ ወር ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጡት እሳቸው ነበሩ። ትንሿ «ኦማ» ነው የምትላቸው፣ አያቴ እንደማለት። ፎቶው ለእሳቸው የተዘጋጀ ስጦታ ነበር። ሳፋ ሳታየው ለማተሚያ ቤቱ ላከችው።

«አንተ የነካኸውን ቼክ አድርጌ አላውቅማ!»

ፍሬም ተደርጎ ቤታቸው ደረሰ። በልጆቹ ፊት ከፈቱት። መነጽራቸውን አደረጉ። መስታወቱ ላይ ጣታቸውን እያስኬዱ ራሳቸውን ፈለጉ...

«ጥግ ላይ እኮ ነው የቆሙት» አልኳት።

«ሶ ዋት፣ አባ?»

ዘጋችብኝ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

ለብቻዬ ስከራከር ዋልኩ። ማንም ያልነገረኝን በምን ልወቅ? ግን እኔስ መቼ ጠየቅኩ?

ተማሪ ሆኜ ፒያሳ ፎቶ ቤት ስሠራ፣ ሞግዚቷ ሕፃኑን በርጩማው ላይ አስቀምጣ ዞር ትል ነበር። እጇ ፊልሙ ላይ ከቀረ በምላጭ እንፍቀዋለን። ስንት እጅ ፍቄ ይሆን? የአንዷን እንኳ ስም አላውቅም። አሁንም ሽርጥ አየሁ፣ የልጅ ልብስ አየሁ፣ እጄ በራሱ ጊዜ ሄደ። ሠላሳ አምስት ዓመት አልፎት...

ሰኞ፣ ኦክቶበር 20

ዋናው ፎቶ እኔ ጋ ነበር። እሳቸው ያሉበትን ላክሁ፣ ሳፋ አሳትማ ወሰደችላቸው። አልተቀበሉም። በሩን ገርበብ አድርገው «ገብቶኛል» ብለው መልሰው ዘጉት። ሪሐብ «አውጡልኝ» ያለች መስሏቸዋል። ልጆቹ ሲያንኳኩ አይከፍቱም። ሳፋ ኮምፒውተሩ ነው ያጠፋው ብላ ዋሸች፣ እኔን ለመሸፈን። ማን ያምናታል?

ማታ ላይ ሪሐብ ራሷ ደወለች።

«ጋሼ፣ እርስዎን ልወቅስ አይደለም።»

መውቀሷ ነበር።

«የዛሬ ሳምንት እንሄዳለን። እንደተቀየሙኝ ልሂድ? ያለ እሳቸው እኮ አብድ ነበር።»

«በስልክ ላነጋግራቸው?»

«አያነሱም። እንግሊዝኛቸውም የሰላምታ ያህል ነው።»

«ደብዳቤ ብጽፍስ...»

«ደብዳቤ፣ ጋሼ?»

ገባኝ፤ በአካል ቀርቤ እንድናገር ነው።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 23

ቲኬት ቆረጥኩ። ሳፋ እዚያ ከገባች ሦስት ዓመቷ። አንድ ቀን ሄጄ አላየኋትም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 25

ሳፋ ቤት ሆኜ ነው የምጽፈው።

ፍራው ኢልዜ በር ላይ ሃያ ደቂቃ ቆምን። ዝናብ። ሳፋ በደብዳቤ ማስገቢያው ቀዳዳ ጀርመንኛዋን አዘነበችው። በመጨረሻ ከፈቱ። ተናድደዋል። እኔም ብሆን እናደዳለሁ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁዎት» አልኩ በአማርኛ። «ሪሐብ አታውቅም። ኮምፒውተሩም አይደለም።»

ሳፋ ተረጎመች። «ለምን?» አሉ።

«የቤት ሠራተኛ መስለውኝ።»

ሳፋ ዞር ብላ አየችኝ። «አባ፣ ይሄንንማ አልልም።»

«በያቸው።»

አለቻቸው። ሴትዮዋ ዓይኔን እያዩ ረጋ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?»

«‹ነበርኩ እኮ› ነው የሚሉት። ሠላሳ አንድ ዓመት ጦር ሰፈሩ ውስጥ የመኮንኖች ቤት አጽድተዋል። ‹አሜሪካ ውስጥ እኔ እንዲህ የጠፋሁበት ስንት ፎቶ ተሰቅሎ ይሆን?› አሉ።»

ይቅርታ ጠየቅኩ። ደገምኩት። ሌላ ምን ይባላል?

ግቡ አላሉንም። ካፖርታቸውን ደርበው በጎኔ አለፉና የሪሐብን በር አንኳኩ። ከውስጥ የትንሿ ጩኸት ተሰማ፤ «ኦማ!» እኔና ሳፋ ዝናቡ ውስጥ ቀረን። ክንዴን ያዘችኝ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 29

ለንደን። ጉልበቴን አሞኛል። ሪሐቦች ከትናንት ወዲያ ሄዱ። ሳፋ ሌላ ሥራ ልካለች፣ ዘጠና ስድስት ፎቶ። ሰባተኛው ላይ ቱታ የለበሰ ሰውዬ መሰላል ይዞ ከቤተሰቡ ኋላ ቆሟል። ደወልኩ።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«እኔ እንጃ፣ አባ። አጥፋው በቃ።»

«ጠይቂያቸው።»

«አሁን? እየነዳሁ እኮ ነው።»

«ስትደርሺ። እጠብቃለሁ።»