ኮትህን የለበሰው ሰው

ብልባላ፣ ኅዳር 14 ቀን 1997 ዓ.ም.

ይድረስ መተማ ላለው ለማኅሌት አባት፣ ለደሳለ፤

እኔም ማኅሌትም ደህና ነን። በሬህ ወይኖም ደህና ነው። የአንተን ጤና ግን ወባው አጠገብህ እያለ በግምት ደህና ነው አልልም፤ ራስህ ጽፈህ አስታውቀኝ።

የላክኸው ደብዳቤ በገበያ ቀን ደረሰኝ። ሰላምታ የለውም። “ኮቴን ለብሶ መሬቴን የሚያርሰው ሰው ስሙ ማን ይባላል?” ብለህ ብቻ ጠይቀሃል። ለሠፈራ ስትሄድ “ጥር ላይ መጥቼ እወስዳችኋለሁ” ያልከውን እንኳ አላነሳኸውም። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ ሳቄ መጣ፣ በመጨረሻ ፈራሁ፤ ጨርሰህ የተውከን መሰለኝ። ስሙን እነግርሃለሁ፤ ግን ነገሩን ከሥሩ ስማኝ።

መሬቱን ጎረቤታችን አረጋ በእኩል እንዲያርሰው ተስማምተን ነበር የሄድከው። ሌላው በሬያችን ዳማው በድርቁ ከሞተ ወዲህ የቀረን ወይኖ ብቻ ነው፤ አረጋም ያለው አንድ በሬ ነው። ሁለቱን ጠምዶ መጀመሪያ የራሱን ማሳ አረሰ። ሰኔ አልቆ ሐምሌ ገባ። በሄድኩ ቁጥር “ነገ ነው፣ እቴ ገለቴ፣ ነገ!” ይለኛል። የላስታን ክረምት ታውቀዋለህ፤ ዘግይቶ መጥቶ ቀድሞ ይሄዳል። የዘገየ ገብስ ገለባ እንጂ ፍሬ አይሰጥም። አንድ ጠዋት ወይኖን ከአረጋ በረት ፈትቼ ይዤው ወጣሁ።

“ማን ሊያርስልሽ ነው?” አለኝ።

“ነገ እነግርሃለሁ” አልኩት።

በቀጥታ ወደ ንጋት ቤት ሄድኩ። ባሏን ከቀበረች ጀምሮ እሷም አንድ በሬ ይዛ የሚያርስላት ወንድ ስትለምን ነው የምትከርመው።

“አንች፣ በሬዎቻችንን እናቀናጅ” አልኳት።

“እርፉንስ ማን ይያዘው?”

“ተራ በተራ።”

“ኧረ አገሩ ይስቅብናል!”

“ይሳቅብን። በባዶ ሆዳችን ከሚለቀስልን ይሻላል።”

በእኛ አገር ሴት ትጎለጉላለች፣ ታርማለች፣ ታጭዳለች፤ እርፍ ግን አትይዝም። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። እርፉ ደረቴ ድረስ ስለመጣብኝ ጫፉን በመጥረቢያ ቆርጬ በቁመቴ ልክ አደረግሁት።

ወይኖ ግን አልሄድ አለ። ድምፄን ሲሰማ ዞሮ ያየኛል፤ እሱ የሚያውቀኝ ጭድ ስሰጠው ነው። ጅራፍ ባጮህ፣ ንጋት ከፊት ብትስበው፣ ንቅንቅ የለም። “ጌታውን ነው የሚፈልገው” ስትል ሐሳብ መጣልኝ። ቤት ሮጬ ከግድግዳው ላይ ኮትህን አወረድኩ፣ ፎጣህንም ራሴ ላይ ጠመጠምኩ። ወይኖ እጅጌውን አሸተተ። እኔም እንዳንተ ጉሮሮዬን ጠራርጌ “ሂድ፣ አንተ ዋዛ!” ስለው ሄደ። ኮትህን ለሰው ብዬ አልለበስኩትም፣ ደሳለ። ለበሬህ ነው።

ትልሜ የእባብ መንገድ ሆነ። “እዚህ ላይ የሚበቅል ገብስ ሳይጠመቅ ይሰክራል” እያለች ንጋት ስትስቅብኝ ዋለች። እየቆየ ግን ቀና።

የጨው ነጋዴው ሀቢብ አህዮቹን እየነዳ በታች በኩል ሲያልፍ፣ “ደሳለ! መቼ መጣህ? አላህ ያበርታህ!” ብሎ ጮኸ። ብመልስለት ድምፄ ሊያጋልጠኝ ነው፤ ስለዚህ ጅራፌን ከፍ አድርጌ ሰላም አልኩት። እሱ ጋሸና ሲደርስ ለሾፌሮቹ “ደሳለ ተመልሶ ያንን ኮቱን ለብሶ እያረሰ ነው” አለ፤ ሾፌሮቹም ወሬውን መተማ አደረሱት። አንተ እዚያው ሆነህ የራስህን መመለስ ሰማህ። አንተ ካልተመለስክ ኮቱን የለበሰው ሌላ ወንድ ነው ማለትህ አይፈረድብህም።

ሰፈሩ ነገሩን ሲያውቅ ሳቁ ብዙም አልከበደኝም። የከበደኝ በፍልሰታ ዝናቡ ቀጥ ሲል ነው። አረጋ “ሴት እርፍ ከያዘች ሰማይ ይዘጋል” እያለ ማውራት ጀመረ። ሽማግሌዎች እኔንና ንጋትን የነፍስ አባታችን አባ ተክለ ሚካኤል ፊት አቀረቡን። ገብሱ ቢደርቅ የአገሩ ረሃብ ሁሉ በእኛ ሊሳበብ ነበር። አባ ሁሉንም ከሰሙ በኋላ ወደ አረጋ ዞሩ።

“ካቻምና በድርቁ ጊዜ እርፉን ማን ነበር የያዘው?”

“እኛው ነና፣ አባቴ።”

“ወንዶቹ?”

“አዎን፣ ወንዶቹ።”

“ታዲያ ዝናቡ የት ሄዶ ነበር?”

ሽማግሌዎቹም አሰናበቱን። የእኔ ልብ ግን የተመለሰው በቡሄ ዋዜማ፣ ዝናቡ ሲወርድ ነው። ደጅ ወጥቼ ቆሜ ራስኩ። ንጋት ከቤቷ በኩል “ግቢ፣ አንች እብድ!” ብላ ስትጮህ እሷም ደጅ ነበረች።

ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል። ለማንም አላካፈልኩም፤ እስከሚቀጥለው አዝመራ ያደርሰናል። ባሎቻቸው እንዳንተ ለሠፈራ የሄዱ ሴቶችም እየመጡ እንዴት እንደተቀናጀን ይጠይቁናል። አረጋ ሳይቀር ማረሻዬን ተውሶ በአጭሩ እርፍ ጎብጦ ሲያርስ ዋለና “ወይ ወገቤ!” እያለ መለሰልኝ። አሁን ሲያገኘኝ ቀድሞ ሰላም ይለኛል።

እንግዲህ የሰውየው ስም ገለቴ ይባላል። ሌላ ሰው የለም፤ አልነበረምም። ጥር ላይ ና። ልትወስደን ከሆነ ግን መጀመሪያ ማሳውን እየው፤ ከዚያ እንነጋገራለን። የብልባላው ጊዮርጊስ ከወባም ከወሬም ይሰውርህ።

የላስታ ብርድ እንደምታውቀው ነው፤ ስትመጣ ሌላ ኮት ገዝተህ ና። ይኸኛው ትከሻው ተቀዶ ስለነበር፣ ስጠግነው በልኬ አጥብቤዋለሁ።

ባለቤትህ ገለቴ