ብረት አንሺዎችን አብልተው ያሳደጉት የአባታችን የሕይወት ታሪክ

አባታችን ከእህል መጋዘን ተሸካሚው አባታቸውና ከልብስ አጣቢዋ እናታቸው በ1946 ዓ.ም.፣ ከመጋዘኑ ጀርባ በነበረች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ የቤቱ አራተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ሲወለዱ በጣም ከሲታ ስለነበሩ አዋላጇ "ይህ ልጅ አይሰነብትም" ብለው እንደነበር አያታችን ይነግሩን ነበር። ለአዋላጇ አፈሩ ይቅለላቸውና፣ ልጁ ከዚያ በኋላ ሰባ ዓመት ሰንብተዋል።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ወንድ አያታችን ወገባቸውን ታመው ከሸክም ሲቀሩ ቤቱ የሚበላው ስላጣ፣ በአሥራ አምስት ዓመታቸው አንድ የበርና መስኮት ብየዳ ቤት ተቀጠሩ። ሙያውን ቶሎ ለመዱት፤ ሕመም እስኪጥላቸው ድረስም በያጅ ነበሩ። በሰፈራችን "ሲከፈት የማይጮኽ በር ካለ የእሳቸው ሥራ ነው" ይባላል። ትንሽ ሳይጋነን አልቀረም፤ የራሳችን ቤት በር ይጮኻል።

ብረት ማንሣት የጀመሩት ከብየዳ ቤቱ ፊት ለፊት በነበረ አዳራሽ ነው። ከሥራ ሲወጡ በመስኮት ቆመው ያዩ ነበር፤ አንድ ቀን አሠልጣኙ "መስኮቱን ከምታጨልምብኝ ግባ" አሏቸው፣ ገቡ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአገሩ በምድባቸው ሁለተኛ ሆኑ። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ብረት አንሺዎች የሚወዳደሩት በሰውነታቸው ክብደት ተመድበው ነው። የሰባ ኪሎ ሰው ከመቶ ኪሎ ሰው ጋር አይገጥምም። አባታችን በምድባቸው የነበረው አንደኛ አልነቃነቅ ቢላቸው፣ በ1968 ዓ.ም. አሠልጣኙ አንድ ዘዴ መጣላቸው። አባታችን ክብደት ቀንሰው በታችኛው ምድብ ይወዳደሩ ተባለ።

ከዚያ የሆነውን ሲያወሩት ኋላ ላይ ራሳቸው ይስቁ ነበር፤ ያኔ ግን የሚያስቅ አልነበረም። እህል ቀነሱ፣ መጨረሻ ላይ ውኃም ተዉ። የላስቲክ የዝናብ ልብስ ደርበው በጠራራ ፀሐይ ይሮጡ፣ ምራቃቸውን እያጠራቀሙ ጣሳ ውስጥ ይተፉ ነበር። ምራቅም ይመዝናል እኮ። በውድድሩ ጠዋት ሚዛን ላይ ሲወጡ ልክክ አለ፤ ጓደኞቻቸውም አጨበጨቡ። ብረቱ ጋ ሲደርሱ ግን ሌላ ቀን ሰውነት ለማሟሟቅ የሚያነሡት ክብደት ከደረታቸው አላልፍ አለ። ሦስቱንም ሙከራ ሞከሩ፤ በመጨረሻው ተንገዳግደው በመቀመጫቸው ቁጭ አሉ። ውጤታቸው ዜሮ ተብሎ ተነበበ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሙሉ ዳቦ እያለቀሱ እንደበሉ ለእናታችን ነግረዋቸዋል።

እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ አባታችን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ እምነት ያዙ። ክብደት ጉልበት ነው፤ የበላ ያነሣል፣ ያልበላ ይወድቃል። ግማሹ እውነት ነበር። ሌላውን ግማሽ ለማወቅ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጀባቸው፤ የገዛ ልጃቸውንም ሊያሳጣቸው ምንም አልቀረውም ነበር።

በ1974 ዓ.ም. የፋብሪካ ምግብ ቤት አብሳይ ከነበሩት ከእናታችን ጋር ትዳር መሠረቱ። ፋብሪካው የኩሽናውን በር እንዲያድሱ ጠርቷቸው፣ በሁለት ቀን የሚያልቀው ሥራ ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ ምክንያቱን ሠራተኛው ሁሉ ያውቅ ነበር። እናታችን እስከ ዛሬ "ያገባው እኔን ይሁን ድስቴን አልገባኝም" ይላሉ። ሦስት ልጆች ወለዱ። ታላቋ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ተከታዬ፣ ሰፈሩ "ጡቤ" የሚላት፣ ብረት አንሺ ናት። የመጨረሻው ወንድማችን የጭነት መኪና ሾፌር ነው።

በ1980 ዓ.ም. አሮጌው አዳራሽ ሲዘጋ፣ አባታችን ከብየዳ ቤታቸው ጀርባ ያለውን የቆርቆሮ መጋዘን ጠርገው አዳራሽ አደረጉት። ብረቶቹን ራሳቸው ቆርጠው፣ በይደው፣ መዝነው ሠሯቸው። ሊማር የሚመጣን ልጅ መጀመሪያ የሚጠይቁት "በልተሃል?" ብለው ነበር። አዎ ቢልም አያምኑትም። ከበሩ ኋላ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና አንድ ትልቅ ማንቆርቆሪያ ወተት አይጠፋም። እንቁላሉን የምንልጠው እኔና እህቴ ስለነበርን እስከ ዛሬ እንቁላል ሳይ ደስ አይለኝም። ከሚመጡት ልጆች ብዙዎቹ በእውነት የተራቡ ነበሩ። በሉ፣ ሥጋ ለበሱ፣ በየወሩም ብረቱ ላይ ተጨመረላቸው። ዛሬ ሣጥኑን ተሸክማችሁ የመጣችሁት ነርሱ፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ፣ የሒሳብ መምህሩ፣ ያንን ወተት ጠጥታችሁ ያደጋችሁ ናችሁ። ይህን እያዩ አባታችን "አላልኳችሁም?" ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል?

ጡቤ ግን ተርባ አታውቅም። በአሥራ አራት ዓመቷ ብረት ጀመረች፤ በሃያ ዓመቷ፣ በ2002 ዓ.ም.፣ ከአገሩ ሴቶች በምድቧ ሁለተኛ ወጣች። አባታችንን ያቺ ያመለጠቻት አንደኝነት እንቅልፍ ነሣቻቸው። ትንሽ ሥጋ ብትጨምር ማንም አይደርስባትም አሉ። ከዚያ በኋላ በቤታችን የሆነው ማብላት ሳይሆን መጠቅጠቅ ነው። ጠዋት እንቁላል፣ ቀን ዘይት የነካ ዳቦ፣ ማታ ወተት፤ ጠገብኩ ማለት ስንፍና ሆነ። የመወዳደሪያ ልብሷን ወገቡ ላይ ደጋግሜ አሰፋሁላት። ጭኑና ትከሻው ግን እንደነበረ ልኳ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ አሥር ኪሎ ጨመረች፤ ከነበረችበት ምድብ ወጥታ ከላይኞቹ ጋር ተወዳደረች። እነሱ ያንኑ ያህል እየመዘኑ ሰውነታቸው ጡንቻ ነበር። እህቴ ድሮ ካነሣችው ብዙም ሳትጨምር ሰባተኛ ሆና ተመለሰች። አባታችን ገና በደንብ አልበላሽም አሏት። እሷም "አባዬ፣ የወፈረው ሆዴ ነው እንጂ እጄ አይደለም" አለቻቸው። ተቆጡ።

በአዳራሹ አንድ ልማድ አለ። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ሁሉም ሰው ከጣሪያው የተንጠለጠለውን ወፍራም ገመድ በእጁ ብቻ ይወጣል። ልማዱን ያመጡት አባታችን ናቸው፤ "ገመድ ላይ የምትሸከመው ራስህን ነው" ይሉ ነበር። የሚገርመው የተናገሩትን ራሳቸው አለመስማታቸው ነው። ጡቤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደ ዝንጀሮ የምትወጣውን ገመድ፣ ከውድድሩ በኋላ በመጣው የገመድ እሑድ ከመሐል ማለፍ አቃታት። ተንጠለጠለች፤ ከታች አንዱ ሳቀ። ስትወርድ መዳፏ ተልጦ ነበር። የብረት ማንሻ ቀበቶዋን ወንበር ላይ አስቀምጣ ወጣች፣ አልተመለሰችም።

አውቶቡስ ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ሆና ተቀጠረች። ከአባታችን ጋር በአንድ ቤት እያደሩ ከ"ደህና አደሩ" እና "ደህና ዋሉ" በቀር ቃል አይለዋወጡም ነበር። ድሮ "አባዬ፣ አንተ" የምትላቸው ልጅ አንቱ ማለት ጀመረች፤ ይኼ ከዝምታው ይበልጥ ጎዳቸው። እናታችን መሐል ቆመው ሁለቱንም ይቆጡ ነበር። አባታችን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነባቸው። ትክክል ቢሆኑ ልጃቸው ለምን ሄደች? ተሳስተው ከሆነስ ለእነዚያ ሁሉ ልጆች ምን ሲያስተምሩ ኖሩ? ይህን ለእናታችን ሲናገሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በእነዚያ ወራት ራሳቸውም እህል አልወርድ ይላቸው ነበር።

በ2004 ዓ.ም. በአንዱ የገመድ እሑድ፣ እናታችንን ልከው "ለአንድ ነገር ብቻ ትምጣ፣ ከዚያ አልይዛትም" አሉ። ጡቤ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፣ አልገባችም። አዳራሹ ሙሉ ነበር። አባታችን ያኔ ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ቢሆንም ገመዱን ገና ይወጡት ነበር። መጀመሪያ እንዲሁ ወጥተው ወረዱ። ከዚያ አሥር ኪሎ አሸዋ የሞላ ከረጢት ወገባቸው ላይ በሲባጎ አሥረው እንደገና ገመዱን ያዙ። ልጅቷ የቀረችበት ጋ እንኳ ሳይደርሱ ወረዱ። የዚህን ጊዜ ማንም አልሳቀም። ወደ ተማሪዎቹ ዞረው፣ "ይህን አሸዋ ልጄ ላይ ያሠርኩት እኔ ነኝ" አሉ። "የተራበን ማብላት ጉልበት ይሰጣል። የጠገበን መጠቅጠቅ ሸክም ይሆናል። ስብ ብረት አይገፋም፤ ይቀመጥብሃል እንጂ። ጡቤ፣ ይቅር በዪኝ።"

አባት በተማሪዎቹ ፊት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ ያኔ ነው ያየሁት። ከዚያ በኋላም አላየሁም። አባታችን ከረጢቱን ሊፈቱ ቢሞክሩ ቋጠሮው ጠብቆ እምቢ አላቸው፤ እሷ ገብታ ተንበርክካ ፈታችላቸው። ስትፈታም "አንተ ደግሞ፣ ይህን ያህል ለምን አጠበቅከው?" አለች። አንቱ ቀረ። አባታችን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ።

ከዚያ በኋላ በአዳራሹ ሕጉ ተለወጠ። ሚዛን ለማሳመን የሚራብም ሆነ ጉልበት አገኛለሁ ብሎ የሚጠቀጥቅ እዚያ ቦታ የለውም። አባታችን ሰውን በመልኩ መመዘን ተዉ። ሰፊ ሰው ብዙውን ጊዜ ብዙ ያነሣል፤ ከሥጋው ጋር ጡንቻም ተሸክሟልና። አንድ መላጣ ቀጭን ፀጉር አስተካካይ ግን የራሱን ክብደት እጥፍ ከራሱ በላይ ሲያነሣ አይተናል። ስንት መዘንክ የሚለው ጥያቄ ቀርቶ፣ ምን በላህ፣ እንዴት አደርክ፣ ስንት አነሣህ ሆነ። ጡቤ ሳትራብ፣ እንደ ማንኛውም ሰው እየበላች፣ በዝግታ ወደ ልኳ ተመለሰች፤ በ2006 ዓ.ም. አንደኛ ወጣች። እኔም የመወዳደሪያ ልብሷን ወገብ መልሼ አጠበብኩ። ይህን በማየታችን ፈጣሪን እናመሰግናለን፤ ስንት አባት ተሳስቷል፣ ልጁ ጋ መመለሻውን መንገድ ያገኘው ግን ጥቂቱ ነው። ዛሬ አዳራሹን የምትመራው እሷ ናት።

አባታችን በ2016 ዓ.ም. የጨጓራ ሕመም አገኛቸው። በሕክምና ብዙ ተረዱ፤ ለነርሶቹና ለሐኪሞቹ ያለን ምስጋና ከልብ ነው። ሰውነታቸው ከቀን ወደ ቀን እየቀለለ ሲሄድ እንኳ ጨዋታቸውን አልተዉም፤ "አሁን በልጆች ምድብ ልወዳደር ነው" ይሉ ነበር። ጡቤ በማንኪያ ሾርባ ታጎርሳቸው ነበር። እሳቸው መብላት ሲያቅታቸው እሷም መብላት ተወች። አባታችን ይህን ሲያውቁ አፋቸውን ዘጉ። አንድ ማንኪያ ለእሳቸው፣ አንድ ለእሷ ካልሆነ አልጎርስም አሉ። በመጨረሻዎቹ ቀናት የእሳቸው ድርሻ ሲቀር እንኳ፣ የእሷን ሳትውጥ ዓይናቸውን ከላይዋ አያነሡም ነበር።

ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁላችንም አጠገባቸው እያለን ዐረፉ። ባለቤታቸው እናታችን፣ እኛ ሦስት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸው፣ ቁጥራቸውን እግዜር የሚያውቀው ተማሪዎቻቸው ቀርተናል። በሕመሙ ጊዜ ለጠየቃችሁን፣ ዛሬም ለሸኛችሁልን ሁሉ ውለታ መላሽ ያድርገን። ፈጣሪ የአባታችንን ነፍስ ሚዛን ላይ ሳያወጣ በምሕረቱ ይቀበልልን።

አንድ ነገር ይቀራል። እህቴ ከማክሰኞ ጀምሮ ከውኃ በቀር በአፏ የዞረ የለም። ወደ ቤት የምትመጡ ወዳጆቻችን፣ አይዞሽ ከማለታችሁ በፊት አጠገቧ ተቀምጣችሁ አብራችኋት ብሉ። ጡቤ፣ አባዬ ዛሬ ሊቆጣሽ አይችልም፤ እኔ ልለምንሽ። ብዪ።