በቀኝ ክንዴ ላይ ስለ ወጣው ነጭ ምልክት

ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት ፳፮ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ዛሬ ከስፌት ቤቱ ፈቃድ ጠይቄ ሐኪም ቤት ሄድሁ። በቀኝ ክንዴ ላይ የወጣውን ነጭ ምልክት ቋቁቻ ነው ብዬ ሁለት ወር ሙሉ በነጭ ሽንኩርት አሸሁት፤ አልጠፋም። ሥጋ ደዌ ከሆነ ግን ከሥራም ከቤትም መውጣቴ ነው።

የሚመረምረኝ ድሬሰር ዓይኔን አስጨፍኖ፣ «ጥጡ ሲነካህ አዎ በል» አለኝ። እኔም ወዲያው «አዎ» አልሁ።

«ወንድሜ፣ ገና መች ነካሁህ?» ብሎ ሳቀ።

ደግሞ ሞከረ፤ ምልክቱ ላይ ጥጡ አልተሰማኝም። ቆዳዬ የደነዘዘው ሽንኩርቱ አቃጥሎት ይሁን በሥጋ ደዌ ለመለየት አልቻለም። የቆዳ ሐኪም ከአዲስ አበባ ኅዳር ፲ ቀን ስለሚመጣ፣ እስከዚያ ምንም ሳልቀባ እንድቆይ አዘዘኝ።

አብሮኝ የሚሠራውና የሚኖረው አበጀ ይህን አያውቅም። ከእርሱ ጋር ከአንድ ትሪ ላለመብላት ስል የጽጌን ጾም ይዣለሁ ብዬ ዋሽቼዋለሁ። ዛሬም ራቴን ለብቻዬ ሳቀርብ፣ «አንተ የደሴ ባሕታዊ፣ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የጸደቅኸው?» አለኝ። ቀጥሎም፣ «ግድ የለም፣ የቁስቋም ዕለት ሥጋ ገዝቼ፣ በእጄ አጉርሼ ነው የማስፈታህ» አለ።

ቁስቋም ኅዳር ፮ ቀን ነው፤ ሐኪሙ ከመምጣቱ አራት ቀን ይቀድማል። አልጎርስም ብለው ይቀየመኛል። ከጎረስሁ ደግሞ፣ በዚሁ እጄ መልሼ ላጎርሰው ነው።