እርጉዝ እንዳትነካው የተባለ ኪኒን

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ሚያዝያ 12 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ ለጸጋነሽ፣ ናይሮቢ

እግዜር አንቺንም በሆድሽ ያለውንም ይጠብቅልኝ። የእኔን አፍንጫ ይዞ ከመጣ ግን ይቅር በይኝ።

ደህና ነን ብዬ እንዳልዋሽሽ፣ አያትሽ የካንሰሩን ኪኒን ጀምራለች። ሐኪሙ ኪኒኑ በባዶ እጅ አይነካም፣ አይሰበርም፣ ትውከቷንም በጓንት አጽዳ ብሎኛል። ሃምሳ ዓመት በእጄ ያጎረስኳትን ሴት ዛሬ በላስቲክ ጓንት አጎርሳታለሁ። «አንተ ሽማግሌ፣ አሁን ገና ተጸየፍከኝ?» ትለኛለች። «ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ ነው» እላታለሁ። ትስቃለች፤ ስትስቅ ግን ያማታል፣ ስለዚህ ቀልዱን ቀንሻለሁ። ትናንት ከጫሞ የመጣ ዓሣ ቀቅዬ ባቀርብላት ሽታው አስመለሳት። ልብሷን ለብቻው ሳጥብ ያዩኝ ጎረቤቶች «ሙሽሪት» ብለውኛል።

ዛሬ «ለጸጋ ነይልኝ ብለህ ጻፍላት» አለችኝ። ልጄ፣ አትምጪ። እርጉዝ ሴት ኪኒኑንም፣ ከበሽተኛዋ የሚወጣውንም ከነካች ጽንሱን ሊጎዳው ይችላል ብሎኛል ሐኪሙ። አንቺ ደግሞ ላሳደገችሽ ሴት እጅሽን አጣጥፈሽ አትቀመጪም። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም፤ ካወቀች አንቺን ለማየት ስትል መድኃኒቱን ትተወዋለች።

ከታች ያለው የአውራ ጣት አሻራ የእሷ ነው። «ነይ ይላል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ይላል» አልኳት።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ስትመልሺልኝ «እመጣለሁ» ብለሽ ጻፊ። እኔ ፈጥሬ ባነብላት ከፊቴ ታውቅብኛለች።

በሰላም ተገላገይ፤ እሷንም ልጅሽን ለመታቀፍ ያብቃት።

አያትሽ ሻንካ