ለምሳ ሲጠሩት ብቻ የሚሰማ

ጥቅምት 6

መብራት ሁለቴ ጠፋ። ሰርቨሩ ደህና ነው። እንደወትሮው ቀን።

አሥር ሰዓት ላይ ቤዝመንት ወረድን፣ ዘሪቱ ጋ። የድሮ ሻይ ቤቷ ከፈረሰ ወዲህ መኪና ማቆሚያው ጥግ ላይ ነው የምታፈላው። የሕንፃው ቴክኒክ ክፍል ሙሉው እዚያ ነው፤ አራታችን። ያው የዘወትር ክርክር... የማን ሥራ ይከብዳል?

ተካ፣ የሊፍቱ፦ «ሊፍት ነፍስ ይወስዳል።»

ጋሽ ወልደአረጋይ፣ የቧንቧው፦ «ነፍስማ አንዴ ነው የሚወሰደው። ቧንቧ በየቀኑ አፍንጫህን ይወስድሃል።»

እኔም የኔትወርኳ አልቀረሁም፦ «ሲሠራ ማንም አያውቀኝም፣ ሲቆም ስሜን የማይጠራ የለም።»

ሙስዐብ ዝም። የጄኔሬተሩ። የኔ ሙስዐብ። «አንተስ?» አለው ተካ። አልመለሰም። «ተዉት ባካችሁ፣ የጄኔሬተር ሰው የሚሰማው ለምሳ ሲጠሩት ብቻ ነው!» አለ ተካ ራሱ። እኛ ከመምጣታችን በፊት የነበረ አባባል ነው። የጄኔሬተር ሰዎች አለቃ ሲጠራቸው አልሰማንም ማለት ያበዛሉ፣ እንደ መብታቸው ነው የሚቆጠረው። ሳቅን። እሱም ሳቀ፣ ከኛ ትንሽ ዘግይቶ። ሲስቅ ደስ ይለኛል። ኒካሁ ለጥር ነው፣ ኢንሻአላህ።

ጥቅምት 13

ከሥራ በኋላ እስከ ወሎ ሰፈር በእግር ሄድን። ጎተራ ኮንዶሚኒየም የሚከራይ ቤት አግኝቻለሁ። አራተኛ ፎቅ፣ ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል። መንገዱን ሙሉ ስለሱ ሳወራ እሱ ፊት ለፊቱን እያየ ይሄዳል። «እና ምን ትላለህ?» አልኩት በመጨረሻ። ዝም። እጁን ስጎትተው «እ?» አለ። የለፈለፍኩት ሁሉ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው?

ተናድጄ ፊት ለፊቱ ስቆም ግን ሌላ ሰው ሆነ። እንዲህ ነው ሁሌም። አፍ አፌን እያየ፣ አንዲት ቃል ሳያመልጠው ነው የሚያዳምጠኝ። በሕይወቴ እንደዚህ አድርጎ ያየኝ ሰው የለም። ታዲያ ጎን ለጎን ስንሄድ ምን ይነካዋል?

ጥቅምት 22

አይደውልም። ይጽፋል። «ድምፅሽ ናፈቀኝ» ይላል። ታዲያ አትደውልም?!

ኅዳር 5፣ ጁምዓ

አባዬ ምሳ ጠርቶት ነበር። ከመስጊድ ሲወጡ አባዬ ከኋላው ደርሶ «አሰላሙ ዐለይኩም» አለው። አልመለሰም። ደገመለት። አሁንም ዝም። ያውም የሰፈር ሰው ሁሉ እያየ።

ምሳው እንዲሁ ተበላ። እንግዳው ከወጣ በኋላ አባዬ ወደኔ ዞረ።

«ሰላምታ የማይመልስ ልጅ ነው ያመጣሽልኝ?»

«አባዬ፣ ማለቴ... ሐሳብ ይዞት ነው።»

«የአላህን ሰላምታ ያስረሳው ሐሳብ አንቺንም ያስረሳዋል።»

ላስቀው ብዬ የነተካን አባባል ነገርኩት። ለምሳ ሲጠሩት ብቻ... አልሳቀም። እንዲያውም ባሰበት። ሙስዐብን ስጠይቀው መሬት መሬት እያየ፣ ማጅራቱን እያሸ ማጥፋቱን አመነ። ይቅርታ በይልኝ አለ። ምክንያቱን ግን አልተናገረም። እኔስ አባቴን ምን ልበለው?

ኅዳር 11

ዛሬ የሆነውን ልጻፈው።

መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተሩ ተነሣ። ከዚያ ጩኸት መጣ። የፋኑ ኩሽኔታ ተሰብሮ ነው አሉ በኋላ፣ ብረት ብረትን ሲፈጨው። ሦስተኛ ፎቅ በሩን ዘግቼ ተቀምጬ ጥርሴን አሳከከኝ። ሁላችንም ወደታች ሮጥን። በሩን ስንከፍት ሙስዐብ ማሽኑ አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። ተረጋግቶ! ተካ ዘሎ ሳያጠፋው አንድ ቁራጭ ብረት ተወርውሮ ከሙስዐብ ጭንቅላት በላይ ግድግዳውን መታው። ሲሚንቶው ትከሻው ላይ ሲረግፍ ነው ዘወር ያለው።

ማሽኑ ቆመ። ጋሽ ወልደአረጋይ ቀስ ብለው ተጠጉት። «ልጄ... አትሰማም እንዴ?»

አፋቸውን አየ። ልክ እኔን እንደሚያየኝ። ትክ ብሎ፣ አንዲት ቃል እንዳታመልጠው።

ፍቅር መስሎኝ ነበር እኮ።

ኅዳር 15

ሐኪም ጋ አብሬው ሄድኩ። ሁለቱም ጆሮ። ነርቩ ነው የተጎዳው፣ ከጄኔሬተሩ የዘወትር ጩኸት። መሣሪያ ትንሽ ያግዘው ይሆናል፣ የሄደው ግን አይመለስም። የቀረውም እየሄደ ነው።

ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ከጀመረው ዓመት አልፎታል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ለተካ ነግሬው ነበር። ‹ጆሮዬ እምቢ እያለኝ ነው› አልኩት። ‹አንተ ደግሞ፣ ደህና የጄኔሬተር ሰው ሆንክ!› ብሎ ትከሻዬን መታኝ። ሁላችሁም ሳቃችሁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ በቃ... ተመቸኝ። አልሰማም ስል የሚያምነኝ የለም።»

ሁላችሁም አለ። ያን ቀን እኔም ነበርኩ ማለት ነው። አላስታውሰውም። ወላሂ አላስታውሰውም።

ኅዳር 20

ኒካሁ ይቅር አለኝ።

ስታዲየም፣ ማልያ የሚሸጡት ጋ። ብዙ ሰው ያለበት ቦታ የመረጠው እንዳላለቅስ መሆን አለበት። «ኑሰይባ፣ ልጅ ቢኖረን ሲያለቅስ አልሰማውም። አንቺም ዕድሜሽን ሙሉ ስትጮሂ ልትኖሪ ነው።»

«እጮሃለኋ! ማን ከለከለኝ?»

«ዛሬ ነው እንደዚህ የምትይው። ሲሰለችሽ አፍሽ ላይ አየዋለሁ። እሱን ማየት አልችልም።»

«ሙስዐብ፣ እኔ የወደድኩት አንተን ነው፣ ጆሮህን...»

ሳልጨርስ ፊቱን አዞረ። በቃ፣ አለቀ። ፊቱን ካዞረብኝ ምን ብዬ ልከራከረው? ከሱ ጋር መጣላት እንኳ አይቻልም። መሄድ ጀመረ። ስሙን ጠራሁ። ደግሜ ጠራሁ። ጮህኩ። ማልያ ሻጮቹ ዞሩ፣ መንገደኛው ዞረ፣ ቆሞ የነበረ ታክሲ ውስጥ ያሉት ሁሉ አንገታቸውን አወጡ። እሱ ብቻ አልዞረም።

ሮጬ ልይዘው ይገባ ነበር። አልሮጥኩም።

ኅዳር 27

አለቀስኩ። ሥራ ገባሁ፣ እሱ አልመጣም። አለቀስኩ።

ታኅሣሥ 3

ለአባዬ ነገርኩት። ሁሉንም። ተነሥቶ ጫማውን አደረገ። «ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ» አለ። አብሬው ሄድኩ።

በሩን የከፈቱት እናቱ እትዬ ሲቲ ናቸው። የለም። ሥራውን ለቆ ኮምቦልቻ አጎቱ ጋ ሄዷል። ለማንም አትንገሪ ብሏቸዋል። እትዬ ሲቲ እኔን ሲያዩ አቅፈውኝ አለቀሱ። «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» ይላሉ እያለቀሱ። አባዬ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ግቡ ቢሉትም አልገባም።

«የኑሰይባ አባት ዓብዱልቃድር አሰላሙ ዐለይኩም ብሎሃል ይበሉልኝ» አለ። ዞሮ ሊሄድ ሲል ደግሞ ተመለሰ። «ፊት ለፊቱ ቆመው።»

ታኅሣሥ 19

እጽፍለታለሁ። ያነበዋል። ማንበቡ ስልኬ ላይ ይታየኛል። አይመልስም።

ሻይ ላይ ክርክር የለም። ተካ አንገቱን ደፍቶ ጠጥቶ ይሄዳል። ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም ልለው እፈልጋለሁ... ገና አልቻልኩም።

ጥር 16

ኒካሁ ነገ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቂርቆስ የምልክት ቋንቋ መማር ጀምሬያለሁ። ለአባዬ ብቻ ነው የነገርኩት፣ «ለምን?» አላለም። አስተማሪያችን ሐሴት አትሰማም፣ ሰሌዳ ላይ እየጻፈች ነው የምታስተምረን። ዛሬ ለማን ብለን እንደምንማር ጠየቀችን። አንዱ ለልጁ። አንዷ ለእህቷ። እኔ ጋ ሲደርስ ጠመኔውን ይዤ ቆምኩ። ለማን ነው? ስሙን ጻፍኩ።

ስም ሁልጊዜ በፊደል አይጠራም አለችን። ለሰውየው ከመልኩ ወይ ከጠባዩ አንድ ምልክት ይወጣለታል። «የሱ ጠባይ ምንድን ነው?» ብላ ጻፈችልኝ። ሲያፍር ማጅራቱን ያሻል ብዬ ጻፍኩላት። እጇን ማጅራቷ ላይ አድርጋ ሁለቴ አሸት አሸት አደረገች። ሙስዐብ። ክፍሉ ሙሉ ደገመው። የማያውቁት ሰዎች ሁሉ ሙስዐብ አሉ። እኔ መስኮት መስኮቱን ሳይ ነበር።

ስም ወጥቶልሃል ብዬ ልጽፍለት አሰብኩ። ተውኩት። አይመልስም። አይመለስም። ይሄንን ዛሬ ነው ለራሴ የነገርኩት።

ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ እጄን ማጅራቴ ላይ አደረግኩ። ጠራሁት። ደግሜ ጠራሁት። ከኋላዬ የተሰለፉ አንዲት ሴትዮ ጎንበስ ብለው አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ አንገትሽን ብርድ መታሽ?»

«አዎ እማማ» አልኳቸው።