ሁለተኛው ፍሬን

ሐሙስ፣ ጥር 16 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ድምቡሼስ እንዴት ናት? ያ የፊት ጥርሷ ወለቀ ወይስ አሁንም እንደ ላላ ብሎን ይወዛወዛል? እኔ በፈጣሪ ቸርነት ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል እንጂ ሌላው አካሌ ሰላም ነው።

ባለፈው በስልክ የጠየቅሽኝን ወዲያው ያልመለስኩልሽ ልደብቅሽ ፈልጌ አይደለም። ስልክ ላይ ነገር ይጠፋብኛል። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አንተ ሰው ስታወራ እንደ ጀማሪ ሹፌር ነህ፤ ገና ከመነሳትህ ሞተሩ ይጠፋብሃል» ትለኝ ነበር። ወረቀት ላይ ግን ማንም ከኋላዬ ክላክስ አያደርግብኝም። ቀስ ብዬ ልጻፍልሽ።

ያልሽኝ ይህ ነበር፦ «ስንመጣ ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደን ማን ነው? እሱ መሪ ከያዘ እኔም ልጄም አንገባም። እውነቱን ንገረኝ አባዬ። ልታስታርቀን ብለህ እንዳታሳምርልኝ።»

አላሳምርልሽም።

ባልሽን በስሙ መጥራት ከተውሽ ቆየሽ። «እሱ» ነው የምትይው። አልፈርድብሽም። ያን ቀን ከድግስ ስትመለሱ «ሁለት ብርጭቆ ብቻ ነው» ብሎ መሪ ይዞ ከመብራት ምሰሶ ጋር ሲያላትማችሁ የተሰበረው የሕፃኗ ክንድ ነው። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆሜ የሰማሁት ለቅሶዋ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። መንጃ ፈቃዱን ሲነጥቁት ደስ አለኝ። አንቺ ልጅሽን ይዘሽ ስትሄጂም «አበጀች» አልኩ። ማታ እናንተ የሌላችሁበት ቤት ስገባ ምን እንዳልኩ እሱ ሌላ ነገር ነው።

እናትሽ ባረፈች ሰሞን ሰው ሁሉ መጥቶ ሲሄድ ባልሽ ግን ቀረ። ወንበር ያጥፋል፣ ሳህን ያጥባል፣ የውኃ ጀሪካን ይሞላል። አላናገርኩትም። በማግስቱም መጣ። ከብዙ ቀን በኋላ «መጠጥ ትቻለሁ አባባ» አለኝ። «ይሁንልህ» አልኩት፤ እንደዚያ የሚል ስንት ሰው ሰምቼ አውቃለሁ። ጤና ጣቢያው ውስጥ መጠጥ ያቆሙ ሰዎች በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ የሚነጋገሩበት ክፍል አለ። እዚያ እንደሚሄድ የነገረኝ እሱ ሳይሆን የጤና ጣቢያው ዘበኛ ነው።

የእገዳው ጊዜ ሲያልቅ እንደ አዲስ ተምረህ እንደ አዲስ ተፈተን ተባለ። የመጣው እኛ ማሠልጠኛ ነው። የማሠልጠኛውን ባለቤት ታስታውሺዋለሽ፤ «ፍሬቻ» የምንለው፣ ገና አፉን ሳይከፍት እጁን ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ የሚዘረጋው። እጁን ወደ ግራ ዘረጋና «አማችህ ስለሆነ ለሌላ አስተማሪ ልስጠው?» አለኝ።

«የለም፣ ለኔ ስጠኝ» አልኩት።

በፍቅር እንዳይመስልሽ። የማላምነውን ሰው ዓይኔ ሥር ላደርገው ብዬ ነው። ደግሞም የማስተማሪያ መኪናችንን ታውቂያታለሽ፤ በአስተማሪው ወንበር በኩል ሁለተኛ ፍሬን አላት። ተማሪው ሲሳሳት እኔ እረግጣለሁ። እሱ ቢያጠፋ የኔ እግር አለ ብዬ ተማምኜ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ሳይገባ በፊት በር ላይ አቁሜ «ትንፋሽህን አምጣ» እለዋለሁ። እንደ ታዛዥ ልጅ አፉን ይከፍታል። አንድ ቀን፣

«አባባ ይቅርታ፣ ዛሬ ነጭ ሽንኩርት በልቻለሁ» አለኝ።

«ነጭ ሽንኩርት ምሰሶ አያስገጭም፤ ግባ።»

ከት ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ቀልዴ አፌ ውስጥ መረረኝ። እሱም ሳቁን ቶሎ ዋጠው።

እየነዳ ያወራኛል። አንድ ጠዋት ሳልጠይቀው እንዲህ አለኝ። «ስጠጣ እኮ እጄ መዘግየቱን አላውቅም ነበር። እንዲያውም ጎበዝ የሆንኩ ነው የሚመስለኝ። መንገዱ ሰፊ፣ ሌላው ሹፌር ሁሉ ቀርፋፋ። ነገሩ መጀመሪያ የሚወስደው እጅና እግርን አይደለም አባባ፤ እጅና እግርህን የምትታዘብበትን ልቦና ነው። ጠዋቱ ደግሞ ይብሳል። የተኛ ሰው ሁሉ ስካሩ የበረደለት ይመስለዋል። ማታ ጠጥቼ፣ ጠዋት ፊቴን በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቤ፣ ጥቁር ቡና ጨምሬበት ስንት ቀን ሥራ ሄጃለሁ። ውኃው ፊቴን ነው ያጠበው፤ ደሜ ውስጥ ያለውን የት ያገኘዋል?»

«ወደ ሁለተኛ ማርሽ መልስ» አልኩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ እንቅልፍ እንደራቀኝ አልነገርኩሽም፤ እዚያ ሆነሽ ምን ታደርጊልኛለሽ ብዬ። ሐኪሙ ለጥቂት ጊዜ የሚወሰድ የእንቅልፍ ክኒን አዘዘልኝ። መድኃኒት ቤቷ ያለችው ልጅ ስትሰጠኝ ዓይን ዓይኔን እያየች ነው የነገረችኝ፦ «አባቴ፣ ማታ በጊዜ ይውሰዱት። አርፍደው ከወሰዱት ጠዋትም ያደነዝዝዎታል፤ እንዲህ ሆነው መኪና እንዳይነዱ።»

«እሺ ልጄ» አልኳት። በሆዴ ግን ሳቅኩ። እኔ መቼ እነዳለሁ? የሚነዳው ተማሪው ነው። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አስነዳለሁ እንጂ። ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ይህን የመሰለ ሞኝነት ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

በዚያ ላይ ሌላ ብልሃት ጨመርኩበት። ክኒኑን ቀድሜ ከዋጥኩ ጸሎት ላይ ያንቀላፋኛል ብዬ ፈራሁ። በፈጣሪ ፊት እየወደቅኩ እየተነሳሁ መቆም አሳፈረኝ። ስለዚህ መጀመሪያ እጸልያለሁ፣ ከዚያ እንቅልፍ በራሱ ከመጣ ብዬ እጠብቃለሁ፣ እንቢ ሲለኝ ሊነጋጋ ሲል ክኒኑን እውጣለሁ። ልጄ፣ ለፈጣሪ ነቅቼ ልቁም ብዬ ለፍጡሩ ፈዝዤ ወጣሁ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።

ያን ቀን ከእንጨት መሰንጠቂያው ጎን ባለው ጠባብ መንገድ እየሄድን ነበር። በግራችን የጭነት መኪኖች ቆመዋል። ከሁለት መኪኖች መሐል አንድ ፍራሽ የጫነ ጋሪ የሚገፋ ሰውዬ ብቅ አለ። አየሁት። ይህን ልብ በይልኝ፤ ዓይኔ አይቶታል። «ሰውዬው ሊሻገር ነው» ብዬም አስቤያለሁ። እግሬ ግን የሰማ አይመስልም። እንደ ሌላ ሰው እግር ወለሉ ላይ ተጋድሞ ቀረ።

መኪናዋ ጋሪው ሥር ደርሳ ቀጥ አለች። የያዛት ባልሽ ነው።

«ዓይን የላችሁም?» ብሎ ጮኸ ባለጋሪው። «ለማጅ የሚል ለጥፋችሁ ሰው ልትጨርሱ ነው? ደግሞ ሽማግሌ አስቀምጠህ!»

ባልሽ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ይቅርታ ወንድሜ፣ የኔ ጥፋት ነው» አለው። የሱ ጥፋት አልነበረም። ከዚያ ፍሬቻ አሳይቶ ዳር ያዘ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ሞተሩን አጠፋና ወደ እኔ ዞረ።

«አባባ፣ ዛሬ ምን ወሰዱ?»

«ምን እወስዳለሁ? ሻይ ነው የጠጣሁት።»

«እግርዎ አልተንቀሳቀሰም።»

«አንተ ቀድመህ ስለያዝክ ነዋ!»

«እኔ ቀድሜ አላውቅም። ሁልጊዜ እርስዎ ነዎት የሚቀድሙኝ፤ እንዲያውም ያናድዱኛል።»

ደሜ ፈላ። «አንተ ነህ እኔን የምትጠይቀኝ? አንተ?» አልኩት። ጠጥቼ የማላውቅ ሰው! በየቀኑ ትንፋሹን የማሸተው እኔ!

ይሰድበኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። አልተቆጣም። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ይህን አመላለስ አውቀዋለሁ። እኔም ለሚስቴ እንዲሁ ነበር የምላት። ደህና ነኝ፣ ምን ሆንኩ፣ አንቺ ነሽ የምትጠይቂኝ። ያኔ ጮኼባት መሪውን ባልይዝ ኖሮ…» አልጨረሰውም። መሪውን በሁለት እጁ ያዘው። መኪናዋ ቆማ እያለ። ቆይቶ «ትንፋሽዎን ላሽት ብል እንኳ ክኒን አይሸትም አባባ» አለኝ።

የክኒኑን ማሸጊያ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ገልብጦ አነበበው፤ አልገሰጸኝም። ቁልፉን ነቅሎ ዳሽቦርዱ ላይ በመካከላችን አስቀመጠው። እሱ ፈቃድ የለው፣ እኔ አቅም የለኝ። ሁለታችን ያቺን መኪና አንዲት ጋት ማንቀሳቀስ አንችልም።

ፍሬቻ ተጠርቶ በታክሲ ከች አለ። «ምን ሆና ነው? ጎማ ነው?» ሲል ባልሽ ወደኔ አየ። አየሽ፣ «አዎ ጎማ ነው» ብል ሊያግዘኝ ሳይሆን፣ እኔ ራሴ ምን እንደምል ሊሰማ ነው። እንዲህ ዓይነት አተያይ በሕይወቴ አልገጠመኝም። «እኔ ነኝ» አልኩ፤ «የእንቅልፍ ክኒን ውጬ ነው የወጣሁት።»

ፍሬቻ እጁን ወደ ግራ ዘረጋ፣ ወደ ቀኝ ዘረጋ፣ በመጨረሻ ሁለቱንም ኪሱ ከተታቸው። «በል ሐኪምህ እስኪፈቅድልህ ክፍል ውስጥ ታስተምራለህ። መኪናዋን አትነካትም» አለ። ፈረደብኝ፤ ደግሞም አዳነኝ።

አሁን ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ የመንገድ ምልክት አስተምራለሁ። መጠጥ ላይ ስደርስ ድሮ የምለውን እላለሁ። ከዚያ ግን እጨምርበታለሁ፦ «ሐኪም የሰጠህም ቢሆን፣ ለጉንፋን የገዛኸውም ቢሆን፣ ጠይቅ። የሚያደነዝዝ ከሆነ መሪ አትንካ። ደግሞ አጠገብ የተቀመጠ ሰው አይነዳም ያለህ ካለ፣ ይኸው እኔን እየኝ።» ተማሪዎቹ ይስቃሉ። ከዚያ አንዱ ስለሚወስደው የሳል ሽሮፕ ይጠይቀኛል። እኔም ወደ መድኃኒት ቤቷ ልጅ እልከዋለሁ።

ሐኪሙ ክኒኑን ቀስ በቀስ አስተወኝ። አመሻሽ ላይ በእግርህ ሂድ አለኝ። ባልሽ ከሥራ ሲወጣ ይመጣል፤ እስከ ድልድዩ ሄደን እንመለሳለን። ሁልጊዜ አናወራም። አሁን እተኛለሁ ልጄ፤ ሁሉንም ሌሊት ባይሆን አብዛኛውን።

ፈተናውን በሌላ አስተማሪ ተፈትኖ አልፏል። የምሥራቹን ሊነግረኝ የመጣ ዕለት ጥያቄሽን ነገርኩት። ፊቱ ወረደ። «ልክ ናት» አለኝ። «አያግባቧት አባባ። ታክሲ ትያዝ። እኔ ሻንጣ እጭናለሁ።»

እና መልሴ ይህ ነው። ስለሱ አልምልልሽም። ስለ ራሴ እንኳ መማል እንደማልችል አይቻለሁ። መጠጥ ያቆመ ሰው ነገ ምን እንደሚገጥመው የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው፤ እኔም ጠዋት ማታ ወደሱ እጸልያለሁ። ያየሁትን ግን መሰከርኩልሽ። የሚፈራውን ሰው፣ የሚስቱን አባት፣ ሊያዋርደው የሚችለውን ሰው «ምን ወሰዱ?» ብሎ ሲጠይቅ አይቻለሁ። እኔ ይህን ድፍረት አልነበረኝም። ያን የድግስ ቀን ሳቁ እንደበዛ አይቼ ነበር እኮ፤ በሰው ፊት እንዳላሳፍረው ብዬ ዝም አልኩ። ይኸው እሱ አፍሮኝ ዝም አላለም።

አንቺም ጠይቂው። ፊት ለፊት፣ ልጅቱ ፊትም ቢሆን። እኔንም ጠይቂኝ። በዚህ ቤት ከእንግዲህ ተጠየቅኩ ብሎ የሚቀየም የለም።

የምትመጡ ቀን ሁለታችንም የአውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ቆመን እንጠብቃችኋለን። የኔ አሮጌ መኪና አለች፣ መሪዋን ባልሽ ይይዛል፤ የማውቀው ባለታክሲም ጎኗ ይቆማል። የምትገቡበትን አንቺ ምረጪ። ታክሲውን ብትመርጪ ባልሽ ባዶዋን መኪና ይዞ ከኋላ ይከተላችኋል፤ ቅር አይለውም፣ ወይም ቅር ቢለውም ይችለዋል።

የመኝታ ክፍልሽን ቀለም ቀብተናል። እሱ ቀባ፣ እኔ መሰላል ያዝኩ። ስንት ቀን እንደምትቆዩ አልጠይቅሽም፤ የእረፍትሽን ልክ አንቺ ታውቂያለሽ። ቁም ሳጥኑን ግን ሁለቱንም በር ከፍቼ ባዶ አድርጌዋለሁ፤ የብርድ ልብስም የሙቀትም ቢሆን ይይዛል።

የበረራችሁን መንገድ የቀና ያድርግላችሁ። ያነሳችሁ እጅ በሰላም ያሳርፋችሁ። ድምቡሼን ሁለቱንም ጉንጯን፣ ያቺን የዳነች ክንዷንም ሳሚልኝ።

በናፍቆት የሚጠብቅሽ፣
አባትሽ