የእማዬ አዲሱ ካርድ

ይድረስ ለእታለም፤ ሰላምታዬ ካለሽበት ይግባልሽ። እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ብረት ነኝ፤ ሰፈሩ ውስጥ ያለ እኔ ወፍ የለም!

የእማዬን የሕክምና ስማርት ካርድ አወጣሁላት። ከእንግዲህ ክሊኒክ ስንሄድ ማሽኑ ላይ ማስነካት ብቻ ነው፤ ወረቀት መሸከም ቀረ። ካርዱ የሚሰጥበት ጽሕፈት ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ አዝዬ አወጣኋት። ጉልበቴን ታውቂው የለ? ላባ ሆነችልኝ፤ አንዴም አላረፍኩ።

መዝጋቢዋ የእማዬን መታወቂያ አየችና፣ «እማማ፣ ይሄ የልጅዎ ነው፤ የራስዎን ይስጡኝ» አትልም! አምና አንቺ ስትሄጂ የተነሳችው ፎቶ እኮ ነው።

«መነጽር ግዢ!» ብዬ ጮህኩባት። ሰልፍ የያዘው ሁሉ ሳቀ።

እማዬ ግን፣ «ተዋት፣ የኔ አንበሳ። እኔም መስታወት ሳይ እንግዳ መጣ እላለሁ» አለች።

በመጨረሻ መዝጋቢዋ ካርዱን ሰጠቻትና፣ «አስር ዓመት ያገለግልዎታል» አለቻት። እማዬ ወደኔ ዞራ፣ «አንተው ያዘው» አለች። ያዝኩላት።

እና እታለም፣ ለከርሞ እመጣለሁ ያልሽውን በዚህ ወር አድርጊው። ምንም ሆነን አይደለም፤ ቤቱ ሰፍቶብን ነው። ሻንጣሽን እኔ እሸከማለሁ፤ አንቺ ብቻ ነይ። ቶሎ በሰላም ያገናኘን።

ወንድምሽ፣ ጀግናው